የተበሳ የ1887 ብር መግዛት ያዋጣል? ዓመቱ፣ ጉዳቱና ዋጋው

ቡና ተለቅሞ፣ ደርቆና ተሸጦ ገንዘብ እጅ በሚገባበት ወራት በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮና በአካባቢያቸው ገበያዎች የሚሸጠውና የሚገዛው ነገር ዓይነቱ ይበዛል። ቀድሞ ገበያው በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነበር። ዛሬ ግን ብዙው በስልክ መስታወት ላይ ይቀርባል። በቴሌግራምና በፌስቡክ ከሚቀርቡት መካከል «ጥንታዊ ሳንቲም» የሚል ርእስ የያዙ ማስታወቂያዎች ይገኙበታል።

ከእነዚህ አንዱ እንዲህ ያለ ነው እንበል። በፎቶግራፉ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ምስል ያለበት አንድ ትልቅ ብር ይታያል። በላይኛው ጠርዝ በኩል ተበስቷል፤ ፊደሎቹ ተልሰዋል፤ አንዱ ጎኑ ጠቁሯል። ሻጩ «የ1887 ነው፣ እጅግ ብርቅ ነው፣ ስለተበሳ በርካሽ ይሸጣል» ይልና 25 ሺህ ብር ይጠይቃል። ገዢው የቡናውን ገንዘብ በእጁ ይዟል። ይግዛው ወይስ ይለፈው?

መልሱ በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል። ጉዳቱ የሳንቲሙን ማንነት አጥፍቶታል ወይስ መልኩን ብቻ አበላሽቶታል? መልኩ የተበላሸ ብርቅ ሳንቲም ብርቅነቱን ይዞ ይቆያል። ማንነቱን ማረጋገጥ የማይቻል ሳንቲም ግን ሻጩ ምንም ቢል ከማዕድኑ ክብደት የበለጠ ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም።

ጠገራና የምኒልክ ብር

የኢሉባቦር ምድር ከብር ገንዘብ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዳግማዊ ምኒልክና በብሪታንያ መካከል በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። የጎሬ ቡናም ቁልቁል ወርዶ በክረምት በጀልባ ወደ ሱዳን ይጓዝ ጀመር። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ጎሬ በዚህ ንግድ የታወቀች ከተማ ሆነች። ያን ጊዜ የቡና ዋጋ የሚቆጠረው በወረቀት አልነበረም፤ በጠገራ ብር ነበር። በአፋን ኦሮሞ ገንዘብን የምናመለክትበት «ቀርሺ» የሚለው ቃልም «ግርሽ» ከሚለው የሳንቲም ስም ጋር የሚዛመድ ነው። በአማርኛም ገንዘቡና ማዕድኑ በአንድ ስም «ብር» መባላቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ በአካባቢው ከአያት ሣጥን የሚወጣ ትልቅ የብር ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ ላይ ነው። በጠገራው ላይ 1780 የሚል ዓመት ስለተጻፈ ባለቤቱ ሁለት መቶ ዓመት የዘለቀ ንብረት የያዘ ይመስለዋል። 1780 ግን የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ሳንቲሙ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ጭምር ሲታተም ኖሯል። ቁጥሩ በመቶ ሚሊዮኖች ይገመታል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር በተነሣችበት በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የማተሙን መብት ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም ማተም መጀመሯ ጠገራው በምን ያህል ብዛት ይፈለግ እንደነበር ያሳያል። በተለያዩ ከተሞች የታተሙትን በጥቃቅን ምልክት የሚለዩ ሰብሳቢዎች ቢኖሩም፣ «1780 ነውና ብርቅ ነው» የሚል ማስታወቂያ ከዕውቀት ማነስ ወይም ከተንኮል የመጣ ነው። የተበሳና የተላሰ ጠገራ ዋጋው የማዕድኑ ዋጋ ነው።

የምኒልክ ብር ነገር ከዚህ ይለያል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1885 ዓ.ም. የአገር ገንዘብ እንዲኖር በአዋጅ ወሰኑ፤ ሳንቲሞቹም በፓሪስ ታተሙ። አንድ ብሩ ከጠገራው ጋር እንዲስተካከል ሆኖ 28.075 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 83.5 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከአንድ ብሩ በታች አላድ፣ ሩብ፣ ተሙንና ሌሎችም ነበሩ። ሆኖም ሕዝቡ በየክፍለ ሀገሩ የለመደውን ጠገራ አልተወም፤ የምኒልክ ብር ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም።

የአንድ ብሩ ዓመቶች አራት ናቸው፤ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በግዕዝ አኃዝ የተጻፉ ናቸው። እነርሱም 1887፣ 1889፣ 1892 እና 1895 ናቸው። ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በፊት ያለውን ቁጥር የያዘው የ1887ቱ 20 ሺህ ያህል ብቻ ታትሟል። የተከተሉት ሦስቱ ዓመቶች እያንዳንዳቸው 400 ሺህ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ሰብሳቢዎች «ብርቅ ዓመት» የሚሉት ይህን ነው። በመልክም በክብደትም ከወንድሞቹ የማይለይ፣ በጥቂቱ በመታተሙ ብቻ ብዙ የሚጠየቅበት ዓመት ማለት ነው።

ዋጋው በአንዲት አኃዝ ላይ

1887 በግዕዝ ሲጻፍ ፲፰፻፹፯ ነው፤ 1889 ደግሞ ፲፰፻፹፱። የሁለቱ ልዩነት የመጨረሻዋ አኃዝ፣ ፯ ወይም ፱ መሆኗ ብቻ ነው። አንዱ ሳንቲም 20 ሺህ፣ ሌላው ከ400 ሺህ በላይ ወንድሞች አሉት። ሁለቱ አኃዞች በቅርጽ ይቀራረባሉ፤ በተላሰ ሳንቲም ላይ ሲታዩ፣ ይልቁንም በደበዘዘ የስልክ ፎቶግራፍ፣ አንዱን ከሌላው መለየት አዳጋች ነው። በሹል መሣሪያ ጥቂት ጭረት ፱ን ወደ ፯ ማስጠጋትም ይቻላል። 1892 (፲፰፻፺፪) እና 1895 (፲፰፻፺፭) ግን በ፺ ስለሚለዩ ለዚህ ዓይነት ማጭበርበር እምብዛም አይመቹም። የአሥር ቤቱ ፹ መሆኑ ከተነበበ፣ የቀረው ክርክር በ1887 እና በ1889 መካከል ነው።

ዓመቱ ቢጠፋ በከፊል የሚመሰክር ሌላ ምልክት በጀርባው አለ። ልጆች ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረው «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ሲሉ የሚጠሩት ጎፈር፣ ማለትም አንበሳው ነው። በ1887 እና በ1889 አንድ ብሮች ላይ አንበሳው የግራ የፊት እግሩን አንሥቶ ይታያል፤ ከ1892 ጀምሮ በታተሙት አንድ ብሮች ላይ የተነሣው የቀኝ የፊት እግሩ ነው። ግራና ቀኝ የሚባለው በአንበሳው በራሱ ወገን እንጂ በተመልካቹ አይደለም። ይህን ለማየት የሁለቱን ዓይነት ጥሩ ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አድርጎ የሚሸጠውን ሳንቲም ከእነርሱ ጋር ማስተያየት ይበቃል። መለያው የሚሠራው ለአንድ ብሩ ብቻ ስለሆነ ለአላድና ለሩብ መዋል የለበትም።

የዚህ ምልክት ጥቅም ግን ውስን ነው። ፱ን ፍቆ ፯ ያስመሰለ ሰው በአንበሳው እግር አይጋለጥም። ዓመቱ ፲፰፻፹፯ የሚል፣ አንበሳው ግን ቀኝ እግሩን ያነሣ ሳንቲም ከቀረበ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በተቃራኒው ዓመቱ ፈጽሞ ተልሶ የግራ እግሩ በግልጽ የሚታይ ከሆነ የሚታወቀው ሳንቲሙ የ1887 ወይም የ1889 መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ ሲጠየቅ የምኒልክ መልክ ብቻ ሳይሆን ጎፈሩም በግልጽ እንዲታይ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። የጀርባውን ፎቶግራፍ ለመላክ የሚያቅማማ ሻጭ ካጋጠመ፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ጉዳት ሁሉ አንድ አይደለም

በአገራችን የብር ሳንቲም በብዛት የሚጎዳው በክፋት ሳይሆን በክብር ነው። እናቶች በአንገታቸው ለማንጠልጠል ይበሱታል፤ አንጥረኛ ማንጠልጠያ ቀለበት ይበይድበታል፤ ለሠርግም ለበዓልም ይወለወላል። በዚህ ምክንያት ጤነኛ የሆነ አሮጌ ብር ከተበሳው ይልቅ ብርቅ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰብሳቢ ግን የቤተሰብ ትዝታን አይገዛም። የተበሳ ሳንቲም ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ተመሳሳይ የሆነ ጤነኛ ሳንቲም ከሚያወጣው ዋጋ ከግማሽ በታች ነው፤ በጣም ዝቅ የሚልበትም ጊዜ ብዙ ነው።

ያም ሆኖ ቀዳዳ ከጉዳቶች ሁሉ ታማኙ ነው ማለት ይቻላል። የት እንዳለ ይታያል፤ ምን እንደወሰደም ይታወቃል። ቀዳዳው ከንጉሡ ዘውድ በላይ ባዶ ሜዳ ላይ ወይም በአንድ ፊደል ላይ ካረፈ ሳንቲሙ አሁንም ይነበባል። ዓመቱ ላይ ካረፈ ግን ገዢው የሚከፍልበትን ነገር ራሱን ወስዶታል። ቀዳዳው በሌላ ብር ተደፍኖ ከተወለወለ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ በዙሪያው የቀለም ለውጥና የፊደል መቋረጥ ስለሚኖር በብርሃን አዘንብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ብየዳ ከቀዳዳ የባሰ ነው። ማንጠልጠያው ከተነሣ በኋላ በጠርዙ ላይ ጠባሳና ባዕድ ብረት ይቀራል። የምኒልክ አንድ ብር ጠርዝ ደግሞ ባዶ አይደለም፤ ዙሪያውን ፊደል ተቀርጾበታል። ብየዳው ይህን ፊደል ሲያጠፋ ከእውነተኛነት ማስረጃዎች አንዱ አብሮ ይጠፋል። ከዚህም ሌላ የተጨመረው ብረት ክብደቱን ስለሚያዛባ በሚዛን መፍረድ ያስቸግራል።

በማጽዳት የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ሰው የማይቆጥረው ነው። አሮጌ ብር በጊዜ ብዛት ይጠቁራል፤ ይህ ጥቁረት በሰብሳቢ ዓይን ጉድለት አይደለም። በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ የታሸ ሳንቲም ለጊዜው ያንጸባርቃል፤ በገጹ ላይ የቀሩት ጥቃቅን ጭረቶች ግን ዳግም አይጠፉም። አንጸባራቂ የሆነ የ130 ዓመት ሳንቲም በፎቶግራፍ ሲታይ ሊያስደስት ሳይሆን ሊያጠራጥር ይገባል። ገበሬው በእርሻው ወይም በአሮጌ ቤት መሠረት ውስጥ ሳንቲም ቢያገኝም በንጹሕ ውኃ አፈሩን ከማስለቀቅ በቀር ሌላ ነገር አያድርግበት።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የተላሱትን ፊደሎችና አኃዞች በመሣሪያ መልሶ መቅረጽ ነው። ሳንቲሙ ላይ ሁሉም ነገር ተልሶ ሳለ ዓመቱ ብቻ ጥርት ብሎ የሚነበብ ከሆነ እጅ ገብቶበታል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሳንቲም ሲላስ ሁለንተናው አብሮ ይላሳል እንጂ ለዋጋው የሚበጀውን ለይቶ አይተውም።

ሒሳቡ

አሁን ወደ 25 ሺህ ብሩ እንመለስ። በሳንቲሙ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 28.075 ግራም በ83.5 በመቶ ሲባዛ 23.44 ግራም ነው። አንጥረኛው በዕለቱ ለአንድ ግራም ንጹሕ ብር የሚከፍለው፣ ለሒሳብ እንዲመች ብቻ፣ 200 ብር ነው ብንል ማዕድኑ 4,688 ብር ያወጣል። እውነተኛው የዕለት ዋጋ ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ ስለሚል ገዢው በወርቅና ብር ቤት ጠይቆ በቦታው ይተካው። በዚህ ምሳሌ ከ25 ሺህ ላይ 4,688 ሲቀነስ ከ20 ሺህ ብር በላይ ይተርፋል። ይህ ገንዘብ ለብሩ የሚከፈል አይደለም፤ ለ፯ የሚከፈል ነው። የ፯ ማስረጃ አጠራጣሪ ከሆነ ገዢው ከ20 ሺህ ብር በላይ በሰው ቃል ላይ ያስይዛል።

ቀዳዳው ከማዕድኑ ምን ያህል ወሰደ? እጅግ ጥቂት። ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ከእንዲህ ዓይነት ሳንቲም ላይ የሚያነሣው 0.16 ግራም ያህል ነው፤ ሩብ ግራም እንኳ አይሞላም። ይህ ቁጥር ለሌላ ነገር ይጠቅማል። «ስለተበሳ ነው ክብደቱ የቀነሰው» ተብሎ 24 ወይም 25 ግራም የሚመዝን ሳንቲም ከቀረበ ምክንያቱ አይሠራም። ብዙ እጅ ያለፈ ብር በመላስ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ ሦስት አራት ግራም አያጣም።

የማዕድኑ ዋጋ የታች ወለሉ ከሆነ፣ ላዩ የት ድረስ ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሻጮች «20 ሺህ ብቻ ነው የታተመው» የሚለውን ይዘው ዋጋውን ወደ ሰማይ ይሰቅሉታል። ብርቅነት ግን ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ ፈላጊም ያስፈልጋል። በ1909 በአሜሪካ ሳንፍራንሲስኮ የታተመችውና የቀራጺውን የስም ምልክት የያዘችው የሊንከን አንድ ሳንቲም 484 ሺህ ፍሬ አላት፤ ከምኒልኩ 1887 ሃያ አራት እጥፍ ማለት ነው። ሆኖም ከልጅነታቸው ጀምሮ ሊንከንን በየዓመቱ የሚሰበስቡ አሜሪካውያን እጅግ ብዙ ስለሆኑ የተጎዳችዋም ሳትቀር ቶሎ ገዢ ታገኛለች። በእርሷ ላይም የሳንፍራንሲስኮን ምልክት በሌላ ሳንቲም ላይ ለጥፈው የሚሸጡ አታላዮች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ፤ የእኛው የ፯ እና የ፱ ነገር በሌላ አገር መልክ ሲታይ ይህን ይመስላል። የምኒልክ ብር ፈላጊዎች ግን በቁጥር ያነሱ ናቸው፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛውን ይመርጣሉ። ስለዚህ የተበሳ የ1887 ብር መግዛት ይቀላል፤ መልሶ መሸጥ ነው የሚከብደው። ለትርፍ የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

በውጭ አገር ሳንቲም የሚመረምሩት ኤን.ጂ.ሲ. እና ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎችም የሚሠሩበት መንገድ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ጤነኛ ሳንቲምን ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ቁጥር ይመዝኑታል፤ የተበሳን ወይም የተፋቀን ሳንቲም ግን ቁጥር አይሰጡትም። እውነተኛ መሆኑን ይመሰክሩና የጉዳቱን ዓይነት ይጽፉበታል። ማስታወቂያው ላይ የተበሳ ሳንቲም ሙሉ ነጥብ አገኘ ከተባለ ወረቀቱ ራሱ መመርመር አለበት።

በሚዛንና በውኃ መፈተን

ሳንቲሙን በእጅ ማግኘት ከተቻለ ነገሩ ይቀላል። ብር በማግኔት አይሳብም፤ ከተሳበ ሐሰተኛ ነው። አለመሳቡ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ነሐስም መዳብም አይሳቡምና። የተሻለው ፈተና የጥግግቱ ነው። እስከ መቶኛ ግራም የሚለካ ሚዛን በወርቅ ቤቶች ይገኛል። አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውኃ በሚዛኑ ላይ ይቀመጥና ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ቀጥሎ ሳንቲሙ በቀጭን ክር ታስሮ፣ የኩባያውን ግርጌና ግድግዳ ሳይነካ፣ ፈጽሞ ውኃው ውስጥ እንዲሰጥም ይደረጋል። የተበሳ ሳንቲም ቢያንስ ለዚህ ይመቻል፤ ክሩ በቀዳዳው ያልፋል።

ሚዛኑ በዚህ ጊዜ የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውኃ ክብደት ነው። 28 ግራም ገደማ የሚመዝን እውነተኛ የምኒልክ ብር 2.75 አካባቢ ሊያሳይ ይገባል፤ ክብደቱ ለዚህ ቁጥር ሲካፈል 10.2 ያህል ይሰጣል። ጠገራውም ከዚህ እምብዛም አይለይም። ከነሐስ ወይም ከኒኬልና መዳብ ቅይጥ የተሠራ ሐሰተኛ በዚያው ክብደት ከ3.1 በላይ ያሳያል፤ ውጤቱም 9 እንኳ አይሞላም። ብየዳ ያለበት ሳንቲም ግን በባዕዱ ብረት ምክንያት ውጤቱ ስለሚዛባ በዚህ ብቻ አይፈረድበትም።

ዓይንም የሚያየው አለ። በቅርጽ ፈስሰው የሚሠሩ ሐሰተኞች በገጻቸው ላይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች፣ በጠርዛቸው ዙሪያም የመጋጠሚያ መስመር ይታይባቸዋል፤ የጠርዙ ፊደልም አንዳንዴ ፈጽሞ ይጎድላል። የድሮ ነጋዴዎች ጠገራ ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች ይቆጥሩ ነበር ይባላል። የዛሬው ገዢ አጉሊ መስታወት አለው፤ ለመቁጠር ጊዜ መስጠት ብቻ ነው የሚቀረው።

በስልክ ሲገዛ

ሳንቲሙ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ባለ ሰው እጅ፣ ገዢው ደግሞ መቱ ከሆነ፣ ሚዛኑ ሩቅ ነው። እንዲያም ቢሆን ከሻጩ የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። የፊቱ፣ የጀርባውና የጠርዙ ፎቶግራፍ በቀን ብርሃን ተነሥቶ ይላክ። ሳንቲሙ በሚዛን ላይ ተቀምጦ፣ ቁጥሩ እየታየ፣ አጠገቡ የዕለቱ ቀን በእጅ ተጽፎ ያለበት ወረቀት ይኑር። አጭር ቪዲዮ ቢጨመር ይመረጣል፤ ሳንቲሙ በብርሃን ሲገላበጥ የተፋቀና የተደፈነ ቦታ ይጋለጣል። ይህን ሁሉ ለመላክ እውነተኛ ባለቤት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ፎቶግራፉን ከሌላ ሰው ገጽ የወሰደ ሰው ግን ሊያደርገው አይችልም።

ገንዘቡ ሳንቲሙ ሳይታይ በቴሌብር ወይም በባንክ ከተላከ ማስመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። «ሌላ ገዢ አለ፣ ቀብድ ዛሬውኑ ላክ» የሚለው ንግግር በመኪናም በቤት ኪራይም በሳንቲምም ያው ነው። ዘመድ ወይም ወዳጅ ሻጩ ባለበት ከተማ ካለ በወርቅ ቤት ተገናኝተው፣ ተመዝኖ፣ ከዚያ ክፍያ ቢፈጸም ይሻላል። የመዘኑበትን ጥቂት ገንዘብ መክፈል ቢያስፈልግ እንኳ ከ25 ሺህ ብር ጋር አይነጻጸርም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ እንዲህ ብሎ መፍረድ ይቻላል። ቀዳዳው ዓመቱን ካልነካ፣ ፲፰፻፹፯ ከተነበበ፣ አንበሳው የግራ እግሩን ካነሣና ክብደቱ ከ27 ግራም ካላነሰ፣ ከማዕድኑ ዋጋ በላይ ጨምሮ መግዛት ስሕተት አይደለም። ጭማሪው ግን ጤነኛው ከሚያወጣው በእጅጉ ያነሰ መሆን አለበት፤ ገዢውም ለራሱ ሊያስቀምጠው የፈለገ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ዓመቱ ጠፍቶ አንበሳው ብቻ የሚመሰክር ከሆነ ለ1887 የሚከፈል ጭማሪ አይኑር፤ መልሶ ሲሸጥ ቀጣዩ ገዢም ያንኑ ጥርጣሬ ያነሣልና። ዓመቱም አንበሳውም የማይለይ፣ ወይም የተበየደና የተፋቀ ከሆነ፣ ከማዕድኑ ዋጋ በላይ አንድ ብር እንኳ አይገባውም። በምሳሌው ላይ የቀረበው ሳንቲም፣ ሻጩ የዓመቱንና የጀርባውን ግልጽ ፎቶግራፍ እስካልላከ ድረስ፣ የሚቆጠረው ከዚህ ከመጨረሻው ጋር ነው።

ለመሸጥ ለሚያስብም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ በቁፋሮ ወይም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል እንዲያስታውቅ ያዛል። በውጭ አገር ያለ ዘመድ «ላክልኝ፣ በኢቤይ እሸጥልሃለሁ» ቢል አስቀድሞ የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ከኋላ ጣጣ ያድናል። በእርሻ መሬት ላይ በአንድ ቦታ ብዙ ሳንቲሞች ከተገኙ ደግሞ ሳይበታተኑና ሳይታጠቡ ቦታውን ጭምር ማሳየት ይገባል።

ብዙ ቤት ውስጥ የሚገኙት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመዳብ ሳንቲሞች፣ 1936 የሚል ዓመት ቢኖራቸውም፣ ብርቅ አይደሉም። እንደ ጠገራው ሁሉ እነርሱም ዓመታቸው ሳይለወጥ እስከ ሥርዓቱ ፍጻሜ ድረስ ሲታተሙ ኖረዋል። ከመካከላቸው ለይቶ ማየት የሚያሻው ስሙኒ ነው። የመጀመሪያው ስሙኒ ጠርዙ ክብ ነበር፤ አታላዮች በብር እየለበጡ እንደ ሽልንግ ስለሚያሳልፉት በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል እንዲሞገሞግ ተደረገ። ክብ ጠርዝ ያለው ስሙኒ በሣጥን ውስጥ ከተገኘ፣ ቢላስም ቢጠቁርም፣ ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጥ።